ትኩስ አሸዋ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

እናቴ ምንም ነገር ሲጣል አትወድም። ባለፈው ሳምንት፣ ውጭው በረዶ ተቆልሎበት የሰፈሩ መኪና ሁሉ አልነሳ ባለበት ጠዋት፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ያገኘችውን ጊዜው ያለፈበት የፀሐይ መከላከያ ሰንስክሪን ክርኗ ላይ እንደ ተራ ቅባት ስታሻሽ ደረስኩባት። "ቆዳ ምን ያውቃል፣ ያው ቅባት ነው" አለችኝ። የቅባቱ የኮኮናት ሽታ ቤቱን ሲሞላው እኔ አንድ እግር ካልሲ ብቻ እንዳጠለቅኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሽታው ይዞኝ ወደ ሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ፣ ወደዚያ ሽርሽር የመጨረሻ ቀናት ሄደ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እኔና እማዬ ስካይቪው ራንች የሚባል የከተማ ሰፈር ውስጥ የጋሽ ታደሰንና የባለቤታቸውን የእትዬ አስካለን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይተን እንኖር ነበር፤ አንዲት ክፍል፣ አንዲት አልጋ። አባቴን የማውቀው በፎቶ ነው። እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ስለምትሠራ እትዬ አስካለ ከላይ ሆነው ይጠብቁኛል። ኦኮቶክስ ከምትባል ጎረቤት ከተማ ደግሞ ጋሽ ዳንኤል የሚባል መካኒክ በየእሑዱ እየነዳ ይመጣ ነበር፤ መጀመሪያ የእማዬን መኪና ሊሠራ፣ ኋላ መኪናዋ ደህና ሆናም። በዚያ ዓመት ብርድ መሐል እትዬ አስካለ ርካሽ የሽርሽር ፓኬጅ አገኘሁ አሉና አምስታችንም ተያይዘን ሄድን።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይፈካል። ባሕሩ ለብ ያለ፣ ጠዋት አረንጓዴ ከሰዓት ሰማያዊ፣ ቤት ሳለን ቀን ቀን መጋረጃ ዘግታ የምትተኛው እናቴ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ሳቅ የምትስቅበት፣ ጋሽ ዳንኤል ማዕበል በመጣ ቁጥር ብብቴን ይዞ ከላዩ የሚያሻግርበት፣ ጋሽ ታደሰ ደግሞ ቡፌው ላይ ቃሪያውን እያዩ "ይሄ ሕዝብ መብላት ያውቃል" የሚሉበት ጊዜ ነበር።

መመለሻችን ሲቃረብ ግን ነገር ተለወጠ። አሸዋዬን ልታጠብ ወደ ሻወሩ ስሄድ፣ ከግድግዳው ጀርባ እማዬ ለእትዬ አስካለ ስትነግራቸው ሰማሁ።

"እሷ እምቢ ካለች እኔ የለሁበትም። ዳንኤልም ያውቃል።"

"ታዲያ ከመሄዳችን በፊት ትጠየቃ፣ በወጉ።"

እሷ የተባልኩት እኔ መሆኔን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሊጋቡ ነው፤ መልሱም እኔ እጅ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ትልቅ ሰው ወደ ወንበሬ ሲጠጋ ውኃ ውስጥ እገባለሁ፤ ውኃ ውስጥ ማንም ማንንም አይጠይቅም ብዬ ጣቶቼ እስኪሸበሸቡ እቆያለሁ። ጋሽ ዳንኤል ማዕበል ማሻገሩን ትቶ "ጁስ ላምጣልሽ?" ይለኝ ጀመር፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ። የከባድ መኪና ሞተር የሚፈታ ሰው እኔን ይፈራኛል። ብዙ ልጅ በዚህ ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ጭንቅ ብቻ ነው የተሰማኝ። እምቢ ብል ያ ሳቅ እዚያው ባሕር ዳር ይቀራል። እሺ ብልስ? ክፍላችን ስገባ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ እማዬ ያልደረቀ ልብስ እያጣጠፈች ትፈታዋለች፣ መልሳ ታጣጥፈዋለች።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ በዘንባባ ቅጠል ከተሠራው ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ ጋሽ ታደሰ በአውሮፕላኑ የለበሱትን ጥቁር ኮት በቁምጣ ላይ ደርበው፣ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው መጡና ፊቴ ቆሙ።

"ይቀመጡ እንጂ" አልኩ፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ታደሰ። ያን ጊዜ ነው ባዶ እግራቸውን መሆናቸውን ያየሁት፤ ነጠላ ጫማቸውን ጠዋት ማዕበል ወስዶባቸዋል፣ አሸዋው ደግሞ ይፋጃል። "ልጃችን ዳንኤል እናትሽን በወግ በማዕረግ ስጡኝ ይላል። የሚጠየቅ ዘመድ ብንፈልግ ካንቺ ሌላ አጣን።"

ሰው ቤት ያየሁት የሠርግ ቪዲዮ ትዝ አለኝ፤ የሴት ወገን ቶሎ እሺ አይልም። "ተማክረን መልስ እንሰጣለን፤ ሌላ ቀን ይመለሱ" አልኩ።

"ነገ በረራ ነው፣ የኔ ልጅ" አሉ እግራቸውን እየቀያየሩ። "ደሞስ ከማን ጋር ነው የምትማከሪው?"

"ከእማዬ ጋር።"

"እናትሽማ ሙሽራዋ ናት።"

እውነትም በእኛ ወገን ያለነው ሁለት ነበርን፤ አንዷ ሙሽራ ከሆነች የቀረሁት እኔ ነኝ። እንባዬ መምጣቱን እትዬ አስካለ አይተው መሰለኝ፣ ከባላቸው ጎን ተነጥለው ጥላው ሥር ገቡና አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"እኔ ወደ ሴት ወገን ዞሬያለሁ።"

"አስካለ፣ ትከጂኛለሽ?"

"አንተ ቁም። ሽማግሌ አይቀመጥም ያልከው አንተ ነህ።" ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ምኑ ነው ያስፈራሽ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ጠዋት ለትምህርት ቤት ከመነሳቴ በፊት ወደ እማዬ ጎን ተንከባልዬ ቦታዋን አሞቅላታለሁ፤ ከሌሊት ሥራ ስትመጣ እግሯ በረዶ ነው፣ እኔ በለቀቅኩት ሙቀት ውስጥ ገብታ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ኦኮቶክስ ማን ያሞቅላታል?

እትዬ አስካለ አልዋሹኝም። "እሱ" አሉ። ደግሞም "አንቺም ብትወጂም ባትወጂም ታድጊያለሽ" አሉኝ።

ቀና ስል እማዬን ከሩቅ አየኋት። እሷና ጋሽ ዳንኤል ተራርቀው ቆመው ባሕር የሚያዩ ይመስላሉ፤ እሷ መርፌ እንደሚወጋ ልጅ ትከሻዋን ሰብስባለች።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ። "እማዬን ሰጥቻለሁ።"

ጋሽ ታደሰ "ተባረኪ" ብለው ምርቃቱን ጀመሩና መጨረስ አቅቷቸው ኮታቸውን እንደለበሱ ወደ ባሕሩ ሮጡ፤ የቀረውን ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ሰማይ ሰማይ እያዩ ጨረሱት። እማዬ ወደ እኔ አልመጣችም፤ እዚያው የቆመችበት አሸዋ ላይ ቁጭ አለች።

በመልሴ ተጸጽቼ አላውቅም። ጋሽ ዳንኤል ደግ ሰው ነው፤ እማዬም የሌሊት ሥራ ትታ ፊቷ ተመልሷል፣ ያ ሳቅም ኦኮቶክስ ድረስ ተከትሏት መጥቷል። እኔም የራሴ ክፍል አለኝ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በሬን ገርበብ አድርጋ ታየኛለች፤ እኔ እንደተኛ ሰው እተነፍሳለሁ፤ እንዳልነቃባት ተጠንቅቃ መልሳ ትዘጋዋለች። ስካይቪው ራንች እያለን በመካከላችን የሚዘጋ በር አልነበረም።