ለአባቴ ንቦች የተከልኩት ራስ ክምር

አባቴ ውለታ የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አዙረው። ቡሬ አጠገብ ባለው መንደራቸው፣ ማሳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ንቦቻቸውን ፈጅቶ አንድ ቀፎ ሲቀራቸው፣ «ከተማ ውስጥ መቼም አይረጭም ይባላል» አሉኝ። ገባኝ። እሳቸውንም ቀፎውንም ፍኖተ ሰላም አመጣኋቸው።

ቀፎውን ከጓሮው ጣሪያ ጠርዝ ሥር ሰቀልነው። የከተማ ግቢ ግን ለንብ ምድረ በዳ ነው፤ ጎረቤቶቼን ሣር የበቀለበት ደጅ ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ከመንደሩ ንብ የሚወደውን አበባ፣ የራስ ክምርን ዘር አስመጥቼ በአጥሩ ጥግ ዘራሁ። ስለ አበባ የጻፉ ብዙ ሰዎችን አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹ ዶማ የነኩ አይመስሉኝም። አንዳቸውም የደረቀው የአበባው ራስ ጣት እንደሚወጋ አልነገሩኝም።

በሁለተኛው ክረምት ተክሉ ቁመቴን አለፈ። ግንዱን ከበው ደረጃ በደረጃ የተደራረቡት ክብ ራሶች መስከረም ላይ ብርቱካናማ አበባ አወጡ፤ ንቦቹም ሰፈሩበት። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«መምህር፣ ግቢውን ለጅብ አከራዩት እንዴ?» አለች።

«ጅቡ እንዳንቺ አይጮህም።»

አባቴ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «የእነዚህ ንቦች ዘር ከአያቴ ጀምሮ አልተቋረጠም። በአንተ እንዳይቋረጥ» አሉኝ።

አበባው ሳይረግፍ አባቴ ሞቱ።

ከቀብር በፊት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። ዳኛው አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ እንግዳ ይበዛል። ግቢው ትንሽ አልጠበበም?» አሉኝ። ምን እንደሚጠይቁኝ አውቄያለሁ። በእድሩ ስብሰባ ላይ ለእያንዳንዱ ነገር እጄን የማወጣ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ሐዘንተኛ ነበርኩ፤ ሐዘንተኛ ደግሞ አይከራከርም፣ ሁሉም ይደረግለታል። «እንደ መሰላችሁ» አልኩ።

ሰዎቹ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ራስ ክምሩን ጨፈጨፉት። ለአባቴ ክብር ነው፤ ግቢያቸው ዱር ሆኖ እንግዳ እንዳይታዘባቸው። ድንኳኑ እዚያ ላይ ተተከለ። ለእንግዳው የሚበስለው ወጥ ደግሞ ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ተጣደ፤ ማለትም ከቀፎው ሥር። ሦስት ቀን ሙሉ ጭሱ ወደ ላይ ሲሄድ ሰው እያጽናናኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጆሮዬን ቀፎው ላይ ለጠፍኩ። ዝም ብሏል።

ራስ ክምር ሥሩ ካልተነቀለ አይሞትም። በቀጣዩ ክረምት ከበፊቱ ረዝሞ መጣ፤ አበባም አወጣ። አዲስ የንብ መንጋ እንዲገባበት ቀፎውን አባቴ ያደርጉት እንደነበረው በወይራ አጠንኩት፤ አንድም ንብ አልገባበትም። አበባው ላይ የሚውሉት ንቦች የሌላ ሰው ናቸው። ቀስመው አጥሩን ተሻግረው ይሄዳሉ።

ለሙት ዓመቱ ዳኛው ተመልሰው መጡ። «ድንኳኑን እዚያው እናቁመው መምህር?»

«አይሆንም» አልኩ።

«እንግዳውስ?»

«መንገድ ላይ ይቀመጥ።»

እንግዶቹ መንገድ ላይ፣ ባጃጅ በመጣ ቁጥር እግራቸውን እየሰበሰቡ በሉ። ጎረቤቴ፣ «አባቱን ለአረም ብሎ አዋረዳቸው» አለች፤ እንድሰማው ጮክ ብላ። ከተቀመጥኩበት በበሩ በኩል ጓሮው ይታየኛል፤ ማንም ያልነካው አበባና ባዶው ቀፎ።