የሁለት ዓመቱ ነጋዴ

እልኸኛ ነኝ፤ አልክድም። ጎንደር ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት በኖርኩባቸው ዓመታት እንደዚያ የደብዳቤ ማውጫ የኮራሁበት ሥራ የለም። እንደዚያም ያፈርኩበት የለም።

የከተማው የድሮ ነጋዴ ቤተሰቦች ከየሣጥናቸው አውጥተው የሰጡን ደብዳቤ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ማን ለማን፣ ከየት፣ ስለ ምን እንደጻፈ እየለየሁ መዘገብኩት። ከዚያ ከኮምፒውተር ክፍል ከመጣ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ሰው ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት የሚፈልግበት ማውጫ አደረግነው። የሰው ወይም የአገር ስም ሲጽፉበት ደብዳቤዎቹን ይዘረዝራል። ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባልደረባዬ፣ እኛ የሠራነውን እኛ አናየውም፣ ሰው ይፈትነው አለኝ። ደግሞ የምን ፈተና ብዬ ተቆጣሁ። በኋላ ግን እሺ አልኩ።

የፈተናው ሕግ አንድ ነው። ሰውየውን ኮምፒውተሩ ፊት ታስቀምጠዋለህ፣ ፈልግ ትለዋለህ፣ ከዚያ ዝም። ቢሳሳትም ዝም፣ ቢጨነቅም ዝም። እኔን የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደተሠቃየሁ ይገባዋል።

መጀመሪያ አራት ሰዎች መጡ። ለመሆኑ የጎንደር ሰው ተጋብዞ ሄዶ ወጡ ጨው የለውም ይላል? አንድ የታሪክ መምህር ሩብ ሰዓት ሲዳክር ቆይቶ አንድም ነገር ሳያገኝ፣ ድንቅ ሥራ ነው ብሎኝ ወጣ። ከድብ ባሕር የመጣ ተማሪ ደግሞ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀርቶበት እንኳ ሸጋ ነው አለኝ። ባልደረባዬ ያገኙትንና ያላገኙትን ይጽፋል፤ እኔ ሞኟ ምስጋናውን እሰበስባለሁ።

አምስተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ የእዚሁ የጎንደር፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰው። እትዬ እላቸዋለሁ። አባታቸው መተማ እየወረዱ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። የአባታቸውን ደብዳቤዎች ያመጡልን እትዬ ናቸው፤ ያውም ከወንድሞቻቸው ጋር ተጣልተው። ወንድሞቻቸው፣ የእናታችን ደብዳቤ ከቤት አይወጣም፣ እዚያ ሄዶ ይጠፋል ብለዋቸው ነበር። እትዬ ግን፣ አይጠፋም፣ እንዲያውም የእናታችን ስም ዓለም ፊት ይወጣል ብለው ቃል ገቡ። እናትየው ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሲያስረክቡኝም የእናቴ ደብዳቤዎች ናቸው ብለውኛል። እኔ፣ እናትየው ያስቀመጧቸው ማለታቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

መነጽራቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ተቀመጡ። የእናታቸውን ስም ጻፉ። ምንም አልተገኘም። ከነአባት ስማቸው ጻፉት። ምንም። መተማ ብለው ሲጽፉ የላኪና የተቀባይ ስም ብቻ የያዘ ዝርዝር ተዘረገፈ። ያን ሁሉ፣ የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ፣ መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከአራቱ አንዳቸውም እንዲያ አላነበቡም። በመጨረሻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ማሻ አላህ፣ ሥራው ያማረ ነው፣ ጥፋቱ የዓይኔ ነው አሉና ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ እናቴን የት አደረግሻት?"

ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሕጉን እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ አልጠፉም እትዬ፣ ይኸው ብዬ በአባታቸው ስም ከፈትኩላቸው። ዐሥራ አንድ ደብዳቤ። እያንዳንዱ ላይ፣ የተቀባዩ ስም ተጠቅሶ፣ ከነጋዴው ለንግድ ሸሪካቸው የተጻፈ ይላል። የእኔ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ደግሞ ይዘቱ፤ ስለ እህል፣ ስለ ጣሪያ ጥገና፣ ስለ ሸሪኩ የወገብ ሕመም። እትዬ አነበቡት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካስ ሳቅ ነው።

"ይኸ ሸሪክ ያልሽው ታላቅ ወንድሜ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ጡት እንኳ በቅጡ አልጣለም።"

ከዚያ አስረዱኝ። ደብዳቤ ከመተማ የሚመጣው በመንገደኛ እጅ ነው፤ ብዙ እጅ ያልፋል። የሚስትን ስም ለባዕድ ዓይን አውጥቶ መጻፍ በእነሱ ቤት ነውር ነበር። ስለዚህ አባትየው የሚጽፉት ለወንድ ልጃቸው አስመስለው፣ በእሱ ስም ነው። እናትየው ፊደል አይለዩም፤ ጎረቤት ያሉ ሼህ መጥተው ሲያነቡ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ያዳምጣሉ። እህሉ አልቆብህ ይሆን የሚለው ለእሳቸው ነው። ወገብህ ተሻለህ ወይ፣ ውኃ አትቅዳ የሚለውም ለእሳቸው ነው። ውኃ የሚቀዳ ነጋዴ እኔ የት አገር አይቼ ነው? ሁለት ክረምት ሙሉ አንብቤው ይህን አልጠየቅሁም።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ያ የወገብ ሕመም እኔ ነኝ" አሉ። "እኔን አርግዛ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። ማውጫው እንዳለ ቢመረቅ ኖሮ እኒያ ሴት ከገዛ ደብዳቤያቸው ተፍቀው ሊቀሩ ነበር፤ እትዬም ለወንድሞቻቸው የሚሉት አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ግን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። በየማለዳው በባጃጅ እየመጡ ከጎኔ ተቀምጠው ዐሥራ አንዱንም ደብዳቤ አንድ በአንድ ፈቱልኝ። የራሳቸውን ሲጨርሱ ይሄዳሉ ስል፣ የሌሎቹንም አምጪ አሉ። የማያውቁት ስም ሲያጋጥማቸው ስልክ አንሥተው የሰፈራቸውን አሮጊቶች፣ ይኸ ልጅ ያን ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ስንቱ ሸሪክ ሕፃን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ። ባልደረባዬ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ነግሬሽ ነበር አላለኝም፤ ማውጫው ላይ የተጻፈላት የሚል አዲስ ቦታ ከፈተልኝ። እኔም ስማቸው ያልተጠራ ሴቶችን በየስማቸው አስገባሁ። አባትየውንም አደነቅኋቸው። በዚያ ቆላ ሙቀት ተቀምጠው፣ በሕፃን ልጅ ስም ተሸፍነው፣ የሚስታቸውን ወገብ የሚጠይቁ ሰው!

ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው እትዬ አንድ በትር የያዙ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ እኔ የንግድ ሸሪክ ያደረግኋቸው። ደብዳቤው ከቤት እንዳይወጣ አጥብቀው የተከራከሩትም እሳቸው ነበሩ። ሰላምታ ሰጥተውኝ ፊታቸውን ሳይፈቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። እትዬ፣ አያ አንተው ጻፈው አሏቸው።

ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ በአመልካች ጣታቸው የእናታቸውን ስም ጻፉ። ዐሥራ አንዱም ደብዳቤ ወጣ። በእያንዳንዱ ላይ የእናትየው ስም፣ ከአጠገቡም፣ በሁለት ዓመት ልጃቸው ስም የተላከላቸው የሚል አለ። ሽማግሌው ዝርዝሩን እስከ ታች አዩት። የጠፋ ነገር አለ ወይ ብዬ ልጠይቅ ስል ቀደሙኝ።

"ስሟን ተጽፎ አይታው አታውቅም" አሉ።

ከዚያ የጻፉትን አጠፉት። እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው ጻፉት፤ እንደገና ወጣ። እንደገና አጠፉት።