ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተወለደችው ዳኛችን

ትርፌ ዛሬ የእድራችን ዳኛ ሆና ተመረጠች! ውይ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት፤ እንደምን ዋላችሁ?

ስብሰባው ላይ ለምን እንዳለቀስኩ ለጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ከወሎ የተሰደዱ ሰዎች እዚህ ወሎ ሰፈር አጥር ሥር ያድሩ ነበር። እናቴና ጎረቤቶቿ የእድሩን ድንኳን ተከሉላቸው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰው ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ካገኘው ላይ እፍኝ እፍኝ እህል እየለመንን እናበላቸው ነበር።

ድንኳኑን ያየ መንገደኛ ሁሉ "ማን ሞተ?" እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባ ነበር። አልተሳሳተም፤ በየቀኑ ይሞቱብን ነበር።

አንድ ቀን የጎረቤታችን የእትዬ በላይነሽ ባል አረፉ። በእድር ደንብ ድንኳኑ ለሟች ቤት ነው። ሰዎቹ ካስማውን ሊነቅሉ ሲመጡ፣ ሦስት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች ሴት ድንኳኑ ውስጥ ምጥ ይዟት ነበር።

እትዬ በላይነሽ ከለቅሶው ተነሥተው መጡና "ተዉት፤ የኔን ሰውዬ ከእንግዲህ አይበርደውም" አሉ።

ለቀስተኛው ሦስት ቀን ዝናብ እየመታው ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ጉንፋኑን የሚያወራ አለ።

የተወለደችው ትርፌ ናት። እናቷ ሳምንት እንኳ አልቆየችም፤ ያሳደጓት እትዬ በላይነሽ ናቸው።

እናንተስ፣ ድንኳን የሌለው ለቅሶ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? መጥታችሁ አጫውቱኝ። እሁድ ግቢያችን ድንኳን ይተከላል፤ ማንም አልሞተም፣ ለትርፌ ደስታ ነው። እሁድ እንዳትቀሩ።