ጭራ ጥቁሯና ጭራ አረንጓዴዋ

ጎረቤቴ ሆቪታ ሲምባኛ ወፍ ወዳ አታውቅም። ወፍ ወዳዱ ባሏ አብዶን ነበር። ኪንዴ የምንላቸውን፣ አየር ላይ ቆመው የአበባ ወለላ የሚጠጡትን ትንንሽ ወፎች ከዋና ከተማችን ከኪቶ ለሚመጡ እንግዶች ሲያሳይ ኖሯል። ስኳር በሽታ ዓይኑን ሲወስድበት ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ወደቀ፦ እሱን ማጠብ፣ ላሟን ማለብ፣ ድንቹን መኮትኮት። በዚያ ላይ ለወፎቹ የስኳር ውኃ በጥብጣ በረንዳው ላይ ትሰቅላለች።

አብዶን የሱፍ ፖንቾውን ደርቦ እዚያው ይቀመጥና የክንፍ ድምፅ በሰማ ቁጥር «የትኛዋ ናት?» ይላል። መንደራችን ውስጥ ረጅም ጭራ ያላቸው ሁለት ዓይነት ኪንዴዎች አሉ፤ ጭራ ጥቁርና ጭራ አረንጓዴ። እህትማማች ነው የሚመስሉት። ሆቪታ ቀና ሳትል «አረንጓዴዋ» ትለዋለች። በማግስቱ «ጥቁሯ»። አፏ ላይ የመጣላትን።

አንድ ጠዋት ነቃባት። እኔ ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

«ሆቪታ፣ ሳታዪ ነው የምትመልሺልኝ። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ እንደምታወሪ ድምፅሽ ያስታውቃል።»

የወተቱን ባልዲ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አዎ፣ ዋሸሁህ! ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ባለጭራ! ምናቸውን ልለየው? ደክሞኛል እኮ አንተ ሰውዬ። ቆሜ ነው የምተኛው።»

አብዶን አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ። ከዚያ፣ «ነይ ቁጭ በይ» አላት።

«ላሟስ?»

«ላሟ እንደሆነ አትበርም። ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች።

«ወንዶቹን እያቸው። የጥቁሩ ጭራ ከገላው በጣም ይረዝማል፣ ሲበር ከኋላው ይጎተታል። ምንቃሩም ጎበጥ ይላል። የአረንጓዴው ጭራ አጠር ያለ ነው፣ አረንጓዴው ጎልቶ ይታያል። ምንቃሩ ደግሞ አጭርና ቀጥ ያለ።»

አንድ ኪንዴ መጣ። ሆቪታ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ጭራው ግማሽ ነው፣ የተነቀለ ይመስላል። ምንቃሩንም ሳላየው ሄደ። አብዶን፣ አላወቅኩትም።»

አብዶን ሳቀ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«ላባ ሲለውጥ እኔንም ስንቴ አሳስቶኛል! አላወቅኩትም በይኝ፣ ይበቃኛል።»

ሥራዋ ከዚያ በኋላም አልቀነሰም። ግን ጠዋት ጠዋት ላሟን አልባ አጠገቡ መቀመጥ ጀመረች። አንዳንዴ ትለያቸዋለች፣ አንዳንዴ ትሳሳታለች፣ ይከራከራሉ።

ባለፈው ሰሞን አይብ ይዤላቸው ስሄድ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ወፎቹ ከአናቷ በላይ እርስ በርስ ይጣላሉ። አብዶን ኮቴዬን ሰምቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በይ ክሌሜንሲያ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «አሁን ነው የተኛችው።»

አይቡን አስቀመጥኩ። የላሟ ጥጃ ከታች ትጮህ ስለነበር፣ ሆቪታን እንዳትቀሰቅሳት ሣር ልሰጣት ወረድኩ።