ያልተጣሉትን ላስታርቅ የተቀመጥኩበት ቀን

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። መስቀል አልፎ ይሁን ገና ሳይደርስ እንጃ። የአቃቂ ጭቃ ግን አልደረቀም ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ ሱሪዬን ሰብስቤ መቀመጤ ትዝ ይለኛል።

የምሄደው ለዳኝነት ነው። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩት እኔ! ከፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር አንድ ግንብ ተጠግቼ ጋዜጣ ሳከራይ ኖሬያለሁ። ሰው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያነብና ይመልስልኛል፤ ስልኩ መጥቶ ደንበኛዬን እስኪወስድብኝ ድረስ ማለቴ ነው። የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ውድድር ያዘጋጁት ሰዎች ከሁለት ባለሙያዎች ጋር አንድ ተራ አንባቢ እንዲዳኝ ፈለጉ፤ አንድ የድሮ ደንበኛዬ እኔን ጠቆመ።

የሰፈር ጓደኞቼ ሲሰሙ መቼ ተዉኝ።

«ዳኛ ሆንክ አሉ? ፊሽካ አለህ?»

«ቢጫ ካርድ ካጣህ የእኔን የጡረታ ደብተር ውሰድ፤ ከእርጅናው ብዛት ቢጫ ሆኗል።»

እየሳቅኩ ሄድኩ። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የየሰዉ ሥራ ተዘርግቷል። ፖርትፎሊዮ ይሉታል፤ አንድ ፎቶ አንሺ የመረጣቸውን ፎቶዎች አንድ ላይ ያቀረበበት ነው። ስም የለውም፣ ፊደል ብቻ። አንደኛ ለሚወጣው አዲስ ካሜራ ተዘጋጅቷል። ከእኔ ጋር የሚዳኙት አንድ የጋዜጣ አዘጋጅና ዕድሜዋን በሙሉ ለጋዜጣ ፎቶ ስታነሳ የኖረች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ነበሩ።

ቀስ ብዬ አየሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያንቀላፋ ሰውዬ አለ፤ ከፊቱ ያለው ሰልፍ ሄዷል፣ ከኋላው ያሉት ሊቀሰቅሱት አፍረዋል። እሱ ጋ ብዙ ቆየሁ። አዘጋጁ ሰዓቱን ያያል። እኔ እንደሆን አልቸኩልም።

ነጥቡ ሲደመር ሁለት ሥራዎች እኩል ወጡ። አዘጋጁ አንዱን አስበልጧል፣ ሴትየዋ ሌላውን። የእኔ ነጥብ ይለያቸው ነበር፤ አልለየም።

«አባባ፣ ለሁሉም ስምንት ነው እንዴ የሰጡት?» አለኝ አዘጋጁ።

«አዎ ልጄ። ሁሉም ፀሐይና ዝናብ በልቶታል። ማን ከማን ያንሳል?»

«ታዲያ ካሜራውን ማን ይውሰድ?»

«በየተራ ቢሠሩበትስ?»

አዘጋጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ሽምግልና ስቀመጥ የማውቀው ሁለቱንም ወገን ደስ አሰኝቶ መሸኘት ነው። አንዱን አንስቶ ሌላውን መጣል ጭንቅ አለኝ።

ሴትየዋ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። «አባባ፣ እነዚህ ልጆች እኮ አልተጣሉም። ምናቸውን ነው የሚያስታርቁት?»

«የተሸነፈው ይከፋዋላ።»

«ይከፋዋል። እኔም ስሸነፍ ከፍቶኛል። የባሰው የከፋኝ ግን ለምን እንደተሸነፍኩ የሚነግረኝ ሰው ሳጣ ነው። ይምረጡ፤ ከዚያ ምክንያቱን አይንፈጉት።»

ደግሜ አየሁ። ሁለቱም የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ቤት የገባበትን ቀን አንስተዋል። አንደኛው ከድልድይ ላይ ነው፤ ቆርቆሮው፣ ደፍራሹ ውሃ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይታያል፣ ያምራል። ሌላው ላይ አንዲት እናት ፍራሽ ተሸክማ ፊት ለፊት ትመጣለች። አይኗ ውስጥ ድካሟ ይታያል፤ ለፎቶ አንሺው ዞር በልልኝ ልትል አፏን ከፍታለች። ይኼኛውን መረጥኩ። የሴትየዋ ምርጫ የድልድዩ ነበር።

«ይኸው ዳኛ ሆኑ» አለችኝና ፈገግ አለች።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ የፈራሁት መጣ። ካሜራ ያነገተ ጎልማሳ አጠገቤ ቆመ።

«የጣሉኝ እርስዎ ነዎት አሉኝ፣ አባባ።»

«አዎ ልጄ። ፎቶህ ውብ ነው። ግን ከድልድዩ ላይ ሆነህ ስላነሳኸው የማንም ፊት አይታየኝም። ያኛው ውሃው ውስጥ ገብቷል።»

«ዋና አልችልማ!» አለ።

«ጉልበት የማይደርስ ውሃ?»

«ከላይ ሆነው ሲያዩት ይጠልቃል፣ አባባ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከፍቶታል፣ ፊቱ ይናገራል፤ ቢሆንም እጄን ጨብጦ፣ «ለከርሞ ቦት ጫማ እገዛለሁ» ብሎኝ ሄደ።

አንዱን መርጬ፣ የሌላውን አይን ሳልሸሽ ቤቴ የገባሁት በራሴ ብርታት አይደለም። በእሷ ነው፤ ምርጫዋን እንደምጥልባት ሳታውቅ ወንበሯን ባስጠጋችልኝ፣ ፀጉሯ በሸበተው ፎቶ አንሺ።