ሰውኛ የሚባለው ቋንቋ

ለነፍስ አባቴ የሻርኩትን ጾም፣ የዋሸሁትን ውሸት፣ ያኮረፍኳቸውን ጎረቤቶች ሁሉ ዘርዝሬ ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን ዘልያታለሁ። በየዓመቱ እዘላታለሁ። አንባቢዬ፣ ፊቴን ስለማታየው ለአንተ መናገር ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር።

እኔ አሰላ ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ምላሴ ስለታም ነው፤ በዚህም ስኮራ ኖሬያለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ለዘጠነኛ ክፍል ዘይቤ ሳስተምር አነጻጻሪውን፣ ተለዋጩን፣ ግነቱን፣ ምጸቱን አስረድቼ ሰውኛ ላይ ስደርስ ደወል ተደወለ። ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ መስጠት ማለት እንደሆነ ሳልናገር፣ “በሰውኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ” ብዬ ወጣሁ።

ዘይነባ የኢተያ ገበሬ ልጅ ናት። አሰላ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነበር የምትማረው። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የምታውቀው ከደብተር ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ዐረብኛ የሚባል ነገር ካለ ሰውኛም ቋንቋ ነው ብላ አሰበች። ምን ታድርግ? እንዲህ ጻፈች፦ “አባቴ ለእኛ በሰውኛ ያወራል። ለላሞቹ በላምኛ ያወራል።”

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሳቅን። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ፣ “እጅግ ድንቅ ነው! አዲስ ቋንቋ አግኝተሻል። አባትሽ መጥተው ላምኛ ያስተምሩን” ብዬ ጻፍኩበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእስክሪብቶም እንደዚያው ነው። እኔ ምጸት መጻፌ ነበር። እሷ አስተማሪዋ ያመሰገናት መሰላት። ቅዳሜ አገሯ ሄዳ ለአባቷ አነበበችላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት አባቷ ኦቦ ከድር ማረፊያችን ድረስ መጡ። ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው እርጎ የሞላ ቅል ይዘዋል።

“አስተማሪ፣ ጠራኸኝ፤ መጣሁ” አሉኝ።

ያኔ ማቆም እችል ነበር። “ስህተቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ” ብዬ አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ልጃቸው ጉብዝና ባጫውታቸው ማን ከለከለኝ? እኔ ግን ወደ ጓደኞቼ ዞሬ በዓይኔ ጠቀስኳቸው። እኔ ነኝ የጠቀስኳቸው። ከዚያ “ይምጡ፣ ልጆቹ እየጠበቁዎት ነው” አልኩ።

ከማረፊያው እስከ ክፍሉ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ያን ቀን ግን ጭቃ ስለነበር ቀስ ብለን ሄድን። መሃል ላይ ቆሙ።

“እኔ አልተማርኩም። ልጆቹ አይስቁብኝም?” ብለው ጠየቁኝ።

ዓይኔን ነው ያዩት። እኔም ዓይናቸውን እያየሁ፣ “ኧረ በፍጹም፣ ኦቦ ከድር” አልኳቸው። ይህን ውሸት የት ላድርሰው?

ስንገባ ዘይነባ ፊቷ በራ። ኦቦ ከድር ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ሆ… ሆ… ቡሬ” እያሉ ላማቸውን በስሟ ጠሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ የታመመች ልጅ የሚያባብሉ ይመስሉ ነበር። ከገጠር የመጡት ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ማንም አልሳቀም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሌሎቹ ልጆች ፊቴን ነበር የሚያዩት፤ ፊቴን አይተው ሊወስኑ። እኔ ፈገግ አልኩ። ያኔ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኦቦ ከድር የደስታ ሳቅ መስሏቸው አብረው ሳቁ። “ገላቶሚ፣ አክብረኸኛል” ብለው አመስግነውኝ፣ ልጆቹን መርቀው ሄዱ። እርጎውን እኛ አስተማሪዎቹ ጠጣነው። እኔም ጠጣሁ።

ዘይነባ ደወል እስኪደወል ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ሌሎቹ ሲወጡ ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም።

“ቲቸር፣ አሁን ምጸት ገባኝ” አለችኝ።

በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። ፈልጌያታለሁ ብል ደስ ባለኝ፤ አልፈለግኳትም። ስም ስጠራ ስሟን መዝለል ጀመርኩ፤ ቆይቶ መሰረዣ መስመር አሰመርኩበት። ያች ልጅ ብትማር ምን ትሆን ነበር? ይህ እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥቅምት አሰላ ገበያ ውስጥ ኦቦ ከድር ከሩቅ አይተውኝ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። አርጅተዋል። ዘይነባ ሮቤ አግብታ እንደወለደች ነገሩኝ። “ትምህርት እምቢ አለች። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልነገረችኝም” አሉ። ይኸው፣ እሷ አባቷ እንዳያፍሩ ስትል ጥፋቴን ተሸክማ ኖራለች፤ እኔ የሳቸውን እጅ ጨብጬ ቆሜያለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

“አስተማሪ፣ ላሞቼ ሰላም ይሉሃል” አሉኝ፣ እየሳቁ።

በስንት ዓመት ማስተማር ከዚህ የተሻለ የሰውኛ ምሳሌ ሰምቼ አላውቅም። “እኔም ሰላም ብያቸዋለሁ” አልኩ። ይቅርታ አላልኩም። ታክሲ ይዤ ሄድኩ።

ምሕረት አልለምንህም፤ የምለምናቸው ሰዎች ኢተያና ሮቤ አሉ፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ። ይህን ብቻ እመን፦ ዘይነባ አልተሳሳተችም። ሰውኛ ቋንቋ ነው። አባቷ ይናገሩታል፤ እሷም ትናገረዋለች። የማልችለው እኔ ነኝ።