የባለቤቴ ስለት፣ የእኔ መርፌ

ከፈይ የሚባል ጨርቅ እጠላለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ታቦት የሚከበርበት፣ ካህን የሚያጌጥበት ነው፤ አውቃለሁ። እኔን ግን ጣቴን አስወግቶኛል፣ ዓይኔን አድክሞኛል፣ ከሚስቴም አኳርፎኛል።

የኖርኩት በእርሻ ነው። ቤታችን ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም አልጨረስኩትም። ስለዚህ አጻጻፌ ቢያነክስ ይቻሉኝ። መርፌ የሚያውቀው እጅ የባለቤቴ ነበር። የቄሱ ካባ ጠርዝ ቢላላ፣ የሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ ቢፈልግ ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። እኔ የተሰፋውን ለብሼ ከመውጣት በቀር ክር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ጠይቄ አላውቅም።

ታናሿ ልጃችን ምጥ ጠንቶባት የሞት አፋፍ ላይ በደረሰች ጊዜ ባለቤቴ ተሳለች። ልጄን ካተረፍክልኝ በጥምቀት ለታቦትህ የቀይ ከፈይ ጃንጥላ በእጄ ሰፍቼ አገባለሁ አለች። ልጅቱም ልጇም ተረፉ። ከፈዩ ተገዛ፣ ገበሩ ተገዛ፣ ቁራጮቹ ተቆረጡ። ከዚያ አንድ ጠዋት ባለቤቴን ቀኝ ጎኗን መታት። አፏ ተመለሰ፣ እግሯም በመከራ ተመለሰ። ቀኝ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጦ ቀረ።

እጇን አላለቀሰችለትም። ያስለቀሳት ስለቱ ነው። ስለት አንገቴ ላይ እያለ ብሞትስ እያለች እህል አልበላ አላት። ፍላቂት ላይ ሚኒባስ የሚነዳው ልጃችን ይህን ሰምቶ ከከተማ የተሰፋ ጃንጥላ ይዞ መጣ። የሚያብረቀርቅ፣ ዘርፉ እስከ ታች የወረደ ነው። በግራ እጇ ዳሰሰችውና ቆንጆ ነው፣ በራስህ ስም አግባው፣ እኔ ቃል የገባሁት ይህን አይደለም አለችው። ልጁ ዞሮ በእኔ ተቆጣ። እኔ ያስተማርኳት ይመስል።

የነፍስ አባታችን ሊጠይቋት ሲመጡ ነገሩን አነሳችባቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና፣

«በቁርባን የተጋባችሁ አንድ ሥጋ ናችሁ። እሱ ቢሰፋው አንቺ እንደሰፋሽው ነው» አሉ።

ባለቤቴ እጆቼን አገላብጣ አየቻቸው።

«አባ፣ እነዚህን ነው የሚሉኝ?»

አባ ሳቁ። ልጄም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በንዴት ከመደቡ ተነሳሁና እሰፋዋለሁ አልኩ። የሰው ልጅ በንዴት ብዙ የማይረባ ነገር ይናገራል፤ የእኔ ይህ ነው።

ከፈዩን ወዲያው አላስነካችኝም። በአቡጀዲ ጀመርኩ፣ አቡጀዲውን ሳበላሸው ደግሞ ወደ ማዳበሪያ ጆንያ ወረድኩ። እሷ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ እኔ እግሯ ሥር በርጩማ ላይ። መጀመሪያ መወስወስ ነው አለች፤ ሁለቱ ጨርቆች እንዳይሸሹ በሰፊው አያይዞ ማለፍ። ከዚያ ጠርዙ እንዳይተረተር መቀምቀም። ሞፈር የጨበጠ ጣት መርፌ አይሰማውም፤ ያዝኩት ስል ወድቋል፣ ወደቀ ስል ወግቶኛል። ጨርሼ ስሰጣት ግራ አውራ ጣቷን በስፌቱ ላይ ታስኬዳለች። አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች። «ፍታው» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ ጣትህ ይነግርሃል እንጂ እኔ አልነግርህም ትለኛለች። እፈታለሁ። እሰፋለሁ። ፍታው። በሬ እንኳ እንዲህ ቢመላለስ ቀንበር ሰብሮ ይሄዳል።

የባሰው ሽንሽኑ ነው። በጃንጥላው ዙሪያ የሚንጠለጠለው መጋረጃ እጥፍ እጥፍ እያለ መሸንሸን አለበት፤ አንዱ እጥፍ ከሌላው ከሰፋ ዲያቆኑ ጃንጥላውን ሲያዞረው አንገዳግዶ ያሳያል አለች። ማን ያየዋል አልኳት። ታቦቱ ያየዋል አለች። ለዚህ ምን ይመለሳል? ጨርቁን በጥፍሬ እያጠፍኩ፣ እጥፉን በክር እየሰበሰብኩ ስጥል ከረምኩ። በህልሜ ሳይቀር እጥፍ አያለሁ።

መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ነበር የምንቀመጠው፣ ለብርሃኑ ብለን። አንድ ቀን ጎረቤታችን አህያውን እየነዳ ሲያልፍ ቆም አለ።

«አያ፣ ለባለቤቴ ቀሚስ ባመጣ ይጠልፉልኛል?»

«ላንተው መገነዣ አምጣ፣ እሱን አስቀድሜ ልስፋልህ» አልኩት።

እየሳቀ ሄደ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ ሥራዬን ጠቅልዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ ጨለማ ነው ብትለኝ አልሰማኋትም። በጎረቤት ሳቅ ፀሐዩን ትቼ የጭስ ጨለማ ውስጥ ተደበቅኩ። ጉድ ያመጣብኝ ይኸው ነው።

የገና ጾም መግቢያ ላይ በል ከፈዩን ጀምር አለችኝ። ከፈይ እንደ ሌላ ጨርቅ አይደለም፤ እንደ ከብት ጠጉር አለው። ወደ ታች ስትዳብሰው ይተኛል፣ ወደ ላይ ስትዳብሰው ይቆማል። የተኛው ያበራል፣ የቆመው ይጠቁራል። ሁሉም ቁራጭ ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ መሰፋት አለበት። ይህን ነግራኛለች፤ አልነገረችኝም ብዬ አልዋሽም። እያንዳንዱንም ቁራጭ ከመስፋቴ በፊት ትዳብሰው ነበር። ጾሙ አጋማሽ ላይ ግን ትኩሳት ያዛትና ተኛች፤ የቀረውን ብቻዬን ገጠምኩ።

ትኩሳቱ ተዋት፣ ገናም አለፈ። ጥምቀት ሲቃረብ የጃንጥላው ሽቦ ላይ አለበስኩትና ወደ ደጅ አውጥቼ ዘረጋሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ፀሐይ ስታርፍበት ዙሪያው እንደ እሳት በራ፤ አንዱ ቁራጭ ግን እንደ ረጋ ደም ጠቆረ። አዞርኩት፤ አብሮ ዞረ። በእጄ ዳበስኩት፤ ጠጉሩ ተነሳብኝ። ዘቅዝቄ ሰፍቼዋለሁ።

ለበዓሉ የመጣውን ልጄን ጠራሁትና ደግፎ አወጣት። ከላይ እስከ ታች አየችው። ፍታው ትለኛለች ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

«ይሁን፣ ተወው» አለች።

በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ሰዓት የተናደድኩበት የለም።

«ለማዳበሪያ ጆንያ ፍታው ስትይኝ ከርመሽ ለታቦት ጃንጥላ ተወው?»

«ጥምቀት ደርሷል። ለከርሞ ማን ያውቃል።»

ልጄ እውነቷን ነው አባባ፣ በዚህ ይግባላት አለኝ። እሱ አልገባውም። እኔ ከብት አውቃለሁ። የታመመ በሬ ዝንቡን በጭራው ማባረር ሲተው ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ይህች ሴት የጠመመ ስፌት አይታ ዝም ካለች መንገድ ጀምራለች ማለት ነው። ስለቷን አስረክባ ልትሄድ ጓዟን እየጠቀለለች ነው።

ቤት ገብቼ ምላጭ አመጣሁና እዚያው ፊት ለፊቷ የጠቆረውን ቁራጭ ክሩን በጠስኩት። ልጄ እጄን ሊይዝ መጣ፤ ገፋሁት። እሷ ጮክ ብላ አለቀሰች።

«ስለቴን አንገቴ ላይ ጥለህ ልትቀብረኝ ነው?»

«እንግዲያው አትሙቺ» አልኳት።

ጥምቀት ያለ እኛ ጃንጥላ ወጣ። ሄጄ ከሕዝቡ ኋላ ቆምኩ። ልጄ የገዛው በመካከል ሲሽከረከር አየሁት፤ ጠጉሩ ሁሉ ወደ አንድ የተኛ፣ እንከን የሌለው። በእልህ አለቀስኩ ብል አላፍርም። የነፍስ አባታችን ከበዓሉ በኋላ ጠሩኝና የሰው ስለት ማዘግየት ቀላል ነገር እንዳይመስልህ፣ አንድ ነገር ብትሆን ምን ልትል ነው ብለው ገሠጹኝ። እኔም ሌት ተቀን ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ባለቤቴ አኮረፈችኝ። ምግብ ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔም ጃንጥላዬን ታቅፌ ደጃፍ ወጣሁ፤ በፀሐይ ፊት፣ ያየ ይይ ብዬ። ጎረቤቴ አለፈ፣ አየኝ፣ ፊቴን አይቶ ደህና ዋሉ ብቻ ብሎ አህያውን ነዳ።

ከፈይ ቂመኛ ነው። ብትፈታውም የመርፌው ቀዳዳ ተደርድሮ ይቀራል፣ ጠጉሩም በስፌቱ መንገድ ተረግጦ ይቀራል። ቢስተካከል ብዬ ቤት ገብቼ፣ ከሰል ጨምሬ ካውያ አጋልኩ። ወደ ጨርቁ ሳስጠጋው ከመደቡ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ የመጀመሪያው ቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ካውያ እንዳታስነካው። ጠጉሩ ይሞታል።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ውሃ አፍላ። እንፋሎቱ ላይ በጀርባው ያዘው።»

ውሃ አፈላሁ። ጨርቁን እንፋሎቱ ላይ ይዤ፣ ሲሞቅ በለስላሳ ብሩሽ ስዳብሰው ጠጉሩ ቀስ እያለ ተነሳ። ቀዳዳዎቹም ገሚሱ ተደፈኑ። እሷ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ቁራጩን ገልብጬ ወሰወስኩት፣ ለስፌቱ ደግሞ ሙሉ ሳምንት ፈጀሁበት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ጨርሼ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። ተወው ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

ግራ አውራ ጣቷን ከታች ጀምራ አስኬደችው። ሄደች፣ ሄደች። ጫፉ ጋ ልትደርስ ስትል ቆመች። ተመልሳ ዳሰሰች።

«እዚህ ጋ ክሩን ስበኸዋል፣ ጨርቁ ተኮማትሯል። ፍታው።»

«እዚህች ጋ ብቻ?»

«እስከ ታች።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነው እኮ። ማንም አያየውም።»

«እኔ አይቼዋለሁ። እስከ ከርሞ ጥምቀት ሌላ ምን ሥራ አለህ?»

ተናደድኩ። ግን እስከ ከርሞ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁና ምላጩን ፍለጋ ተነሳሁ።